ባልኔአሪዮ ካምቦሪዩ፦ የፎቆቹን ሰልፍ ከየት ቆሞ፣ በስንት ሰዓት ማንሳት ይሻላል?

ብራዚል ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ የምናስበው ሪዮን ነው። ረጃጅም ሕንፃ ፎቶ ማንሳት ለሚወድ ሰው ግን እኔ ከሪዮም ከሳኦ ፓውሎም አስቀድሜ የምጠቁመው በደቡብ፣ በሳንታ ካታሪና ግዛት ያለችውን ባልኔአሪዮ ካምቦሪዩን ነው። ከተማዋ ትልቅ አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ2022ቱ የሕዝብ ቆጠራ ነዋሪዎቿ ወደ 139 ሺህ ነበሩ። የአገሪቱ ረጃጅም የመኖሪያ ፎቆች የተሰለፉት ግን እዚህ ነው። ዋን ታወር 290 ሜትር ነው፣ ያትሀውስ የሚባሉት መንትያዎች እያንዳንዳቸው 81 ፎቅ አላቸው፣ ኢንፊኒቲ ኮስት 235 ሜትር ነው። ብራዚላውያኑ ራሳቸው «የብራዚሏ ዱባይ» ይሏታል። ዱባይ የምትኖሩ ብትሄዱ ልዩነቱ ወዲያው ይታያችኋል፤ እዚህ ፎቆቹ በባሕርና በኮረብታ መሃል ባለች ጠባብ መሬት ላይ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀው ነው የቆሙት፣ ደግሞም አብዛኞቹ ሰው የሚኖርባቸው፣ በረንዳ በበረንዳ የሆኑ ናቸው።

መንገዱ አስቸጋሪ አይደለም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከአዲስ አበባ ሳኦ ፓውሎ ይበራል፣ ከዚያ በአገር ውስጥ በረራ ወደ ናቬጋንቴስ ትሄዳላችሁ፤ ለከተማዋ የሚቀርበው አየር ማረፊያ እሱ ነው። የቀረው በመኪና አጭር ጉዞ ነው።

ስለዚህች ከተማ የተጻፉ የፎቶ ምክሮች ብዙ ጊዜ ቦታዎቹን ይደረድሩና ሁሉም ቆንጆ ነው ብለው ያልፋሉ። ቆንጆስ ቆንጆ ናቸው። ግን ሰዓቱን ስታችሁ የሄዳችሁበት ቆንጆ ቦታ ግራጫ ፎቶ ነው የሚሰጣችሁ። ሰው ደግሞ «ከፍ ያለው ቦታ ይሻላል» ብሎ ቀጥታ በገመድ ተንጠልጥሎ ኮረብታ ላይ ወደሚያወጣው ኬብል ካር ይሮጣል። እኔ ቦታ የምመርጠው በፀሐይዋ አቅጣጫ ነው፣ ከፍታው ሁለተኛ ነው። ስለዚህ ከፀሐይዋ እንጀምር።

ፀሐይዋ በየት በኩል ናት?

ዋናው የባሕር ዳርቻ ፕራያ ሴንትራል ይባላል። ጎበጥ ብሎ ከሰሜን ወደ ደቡብ የተዘረጋ ነው፣ ፊቱ ወደ ምሥራቅ። ፎቆቹ ከአሸዋው ኋላ በምዕራብ በኩል ቆመዋል። ይሄን ብቻ ማወቅ ግማሹን ጥያቄ ይመልሳል። ጠዋት ፀሐይዋ ከባሕሩ ትወጣና የፎቆቹን ፊት ታበራዋለች። ከቀትር በኋላ ወደ ጀርባቸው ትዞራለች፤ ባሕሩን የሚያየው ፊታቸው ይጨልማል፣ ጥላቸው አሸዋው ላይ ይተኛል። የጥላው ነገር እዚያው ከተማዋ ውስጥም የቆየ ወሬ ነው፤ ሰው ገና ከሰዓት በኋላ ሳይገፋ ፎጣውን እየጎተተ ፀሐይ ፍለጋ ይሄዳል። በ2021 ዳርቻውን አሸዋ ሞልተው በአማካይ ከ25 ሜትር ወደ 70 ሜትር አስፍተውታል። ይሄ መስፋት ለፎቶ አንሺ ትልቅ ሲሳይ ነው። ወደ ኋላ በደንብ ማፈግፈግ ስለሚቻል አንድን ፎቅ ከሥር እስከ ጫፍ ለማስገባት ካሜራውን ያን ያህል ወደ ላይ ማንጋጠጥ አያስፈልግም።

ሌላው ነገር ከምድር ወገብ በታች መሆናችሁ ነው። ከተማዋ ያለችው 27 ዲግሪ ደቡብ ላይ ነው። አዲስ አበባ ላይ የቀትር ፀሐይ ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ ወደ ሰሜን፣ በቀረው ጊዜ ወደ ደቡብ ዘንበል ትላለች። ዋሽንግተን ወይም ስቶክሆልም ለሚኖር ሁልጊዜ በደቡብ ናት። ባልኔአሪዮ ላይ ግን ዓመቱን ሙሉ ቀትር ላይ በሰሜን በኩል ነው የምታልፈው። በታኅሣሥ አናት ላይ ልትደርስ ምንም አይቀራት፣ በሰኔ ግን ከአድማሱ 40 ዲግሪ ያህል ብቻ ከፍ ብላ ታልፋለች። ከአውሮፓ ወይም ከአሜሪካ የሚሄድ ሰው በልማድ «ደቡብ የሚያየው ግድግዳ ይበራል» ብሎ ያቅዳል፤ እዚህ ደቡብ የሚያየው ግድግዳ ጥላ ነው።

መውጫዋም ቦታ ይቀይራል። በሰኔ ከሰሜን ምሥራቅ ትወጣለች፣ በታኅሣሥ ከደቡብ ምሥራቅ። ሰዓቱ በእኛ አቆጣጠር ሰኔ ላይ ጠዋት 1 ሰዓት ገደማ ወጥታ 11 ሰዓት ተኩል ገደማ ትጠልቃለች። ታኅሣሥ ላይ ንጋት 11 ከሩብ ገደማ ወጥታ ምሽት 1 ሰዓት አለፍ ሲል ትጠልቃለች። ይሄ የመውጫ ለውጥ ቀጥሎ ያለውን ትልቁን ምርጫ ይወስነዋል።

የሰሜኑ ጫፍ ወይስ የደቡቡ ጫፍ?

ዳርቻው ሁለት ጫፍ አለው። በሰሜን ሞሮ ዶ ካሬካ የሚባል 100 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው ኮረብታ አለ፣ በመኪና ይወጣል፣ ፓራግላይዲንግ (በጨርቅ ክንፍ ተንጠልጥሎ መብረር) የሚበርሩ ሰዎች የሚነሱት ከዚያ ነው። በደቡብ ደግሞ ባራ ሱል የሚባለው ሰፈር አለ፣ የካምቦሪዩ ወንዝ ከባሕሩ የሚገናኝበት፤ እዚያ ወደ ባሕሩ የገባ ረጅም የድንጋይ ግንብ አለ፣ ሰው ይሄድበታል፣ ዓሣ ያጠምድበታል፣ ፎቶ ይነሳበታል።

ሁለቱም የፎቆቹን ሰልፍ በርዝመቱ ያሳያሉ። የሚሰጡት ፎቶ ግን ፈጽሞ ይለያያል። ረጃጅሞቹ ፎቆች በብዛት ያሉት ወደ ደቡብ፣ ወደ ባራ ሱል ነው። ስለዚህ ከባራ ሱል ግንብ ወደ ሰሜን ስታዩ ግዙፎቹ ከፊታችሁ ይገዝፋሉ፣ የቀሩት እያነሱ እያነሱ ይርቃሉ። ፎቶው ጥልቀት አለው፣ ግን አንድ ሁለት ፎቆች ይቆጣጠሩታል። ከካሬካ ወደ ደቡብ ስታዩ ትናንሾቹ ይቀርቧችኋል፣ ግዙፎቹ ኪሎ ሜትሮች ርቀው መጨረሻ ላይ ይቆማሉ፣ እና ርቀቱ ሁሉንም ያመጣጥናቸዋል። የከተማዋን ሙሉ መልክ፣ ቅስቱን ከነአሸዋው ከነሞገዱ፣ በአንድ ፎቶ የምታገኙት ከዚህ ነው።

ብርሃኑስ? በብርዱ ወቅት፣ ከሰኔ እስከ ነሐሴ፣ ፀሐይዋ ከሰሜን ምሥራቅ ስለምትወጣ ካሬካ ላይ ለቆመ ሰው ከግራ ትከሻው ኋላ ናት። የፎቆቹ ፊትም ሰሜናዊ ጎናቸውም አብረው ይበራሉ። ቀትርም ላይ ቢሆን ፀሐይዋ ከጀርባችሁ ነው ያለችው። በዚያው ሰዓት ባራ ሱል ግንብ ላይ የቆመ ሰው ወደ ፀሐይዋ ነው የሚያየው፤ የሚያገኘው ነጭ ሰማይና የጠቆሩ ፎቆች ነው። በታኅሣሥና በጥር ነገሩ ይገለበጣል። ፀሐይዋ ከደቡብ ምሥራቅ ትወጣለች፣ ባራ ሱል ያለው ሰው ከቀኝ ኋላው ያገኛታል፣ ካሬካ ያለው ደግሞ ከግራው ፊት ለፊት ትመጣበታለች። በዚህ ወቅት ግንቡ ላይ ከንጋት እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ያለው ብርሃን በጣም ግሩም ነው። ከዚያ በኋላ ፀሐይዋ ቶሎ ወደ አናት ትወጣና የበረንዳዎቹ ጥላ ቁልቁል እየወረደ ፎቆቹን ባለጥቁር መስመር ያደርጋቸዋል።

እንግዲህ በብርዱ ወቅት ካሬካ፣ በሞቃቱ ወቅት ጠዋት ባራ ሱል። በመጋቢትና በመስከረም ፀሐይ ከቀጥታ ምሥራቅ ስለምትወጣ የፈለጋችሁትን ምረጡ። ለእኔ ግን አንድ ብቻ ምረጥ ብባል ካሬካ ነው። ክፍት ነው፣ መስታወት የለም፣ ጊዜ አያጣድፍም። ያለው ችግር ንፋስና ርቀት ነው። ንፋሱ ትሪፖድ (ባለሦስት እግሩን የካሜራ መቆሚያ) ያንቀጠቅጣል፣ ስለዚህ እግሩን አጭር አድርጉ፣ ቦርሳችሁን መሃሉ ላይ ስቀሉበት። ርቀቱ ደግሞ ረጅም ሌንስ ይጠይቃል፣ በእርጥበታማ ቀን መሃል ላይ ያለው አየር ራሱ ይደበዝዛል።

የሚከፈልባቸው ከፍታዎች

ኬብል ካሩ ኡኒፕራያስ ይባላል። ከባራ ሱል ተነስቶ 240 ሜትር ከፍታ ወዳለው ሞሮ ዳ አጉዋዳ ይወጣል፣ ከዚያ በሌላው በኩል ወደ ላራንጄይራስ የባሕር ዳርቻ ይወርዳል። ርዝመቱ 3,250 ሜትር ነው፣ 47 ካቢኖች አሉት። ከላይ ያለው እይታ እውነትም ያስደንቃል፤ ከታች ጥቅጥቅ ያለው የአትላንቲክ ደን፣ ከዚያ ወንዙ፣ ከዚያ ፎቆቹ፣ ከዚያ የባሕሩ ቅስት። አረንጓዴውና ሲሚንቶው እንደዚህ ተጎራብተው የሚታዩበት ሌላ ቦታ ከተማዋ ውስጥ የለም። ግን አስቡት፣ እናንተ ደቡብ ላይ ሆናችሁ ወደ ሰሜን ነው የምታዩት፣ ኬብል ካሩም ማለዳ አይከፈትም። በብርዱ ወቅት ስትደርሱ ፀሐይዋ ፊት ለፊታችሁ ናት። ስለዚህ ይሄን ቦታ እኔ ለሞቃቱ ወቅት፣ ለመጀመሪያዎቹ ካቢኖች ሰዓት፣ ወይም ሰማዩ በቀጭን ደመና ለተሸፈነበት ቀን ነው የማስቀምጠው። በካቢኑ መስኮት ለማንሳት አትድከሙ። እላይ ወርዳችሁ ከመመልከቻው ላይ አንሱ።

በሰሜን ጫፍ ደግሞ በ2020 መጨረሻ የተከፈተው ትልቁ የሚሽከረከር መዝናኛ አለ፣ ኤፍ ጂ ቢግ ዊል። ቁመቱ 65 ሜትር ነው። ካቢኖቹ የተዘጉ ናቸው፣ ይዞራሉ፣ ትሪፖድ አይታሰብም። መውጣታችሁ ካልቀረ ጥቁር ልብስ ልበሱ፣ ሌንሱን ከመስታወቱ ጋር አጣብቁት፣ ፍላሽ አጥፉ፣ ፎቶው እንዳይደበዝዝ የመዝጊያ ፍጥነቱን ከፍ አድርጉ። ከካሬካ ጋር ካወዳደርነው ግን ለፎቶ ብላችሁ ገንዘብ የምታወጡበት ምክንያት አይታየኝም። ከውስጡ ይልቅ ከውጭ ነው የሚያምረው። መብራቱ ሲበራ ከአሸዋው ላይ ሆናችሁ እሱን ራሱን አንሱት።

ክሪስቶ ሉስ የተለየ ነው። ከከተማዋ በስተምዕራብ ኮረብታ ላይ የቆመ 33 ሜትር የክርስቶስ ሐውልት ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1997 የተመረቀ፣ ማታ ማታ በተለያየ ቀለም ያበራል። እስካሁን ያወራነው ሁሉ የጠዋት ቦታ ነበር። ከሰዓት በኋላ ሲሆን አቅጣጫችሁን ገልብጡና ወደዚህ ኑ። ፀሐይዋ ከጀርባችሁ ትሆናለች፣ የፎቆቹ የመሬት በኩል ጎን ወርቅ ይለብሳል፣ ከኋላቸው ባሕሩ ሰማያዊ ሆኖ ይቀራል። ጎብኚ በብዛት የፎቆቹን የባሕር ፊት ብቻ ስለሚያነሳ ይሄኛው ጎን ብዙም አይታይም። ሙሉ ጨረቃ በምትሆንበት ምሽት ደግሞ ጨረቃዋ ፀሐይ በምትጠልቅበት ሰዓት አካባቢ ከባሕሩ፣ ልክ ከፎቆቹ ኋላ ትወጣለች። ለዚህ ምሽት ስትሉ የጉዞ ቀናችሁን ብታዛውሩ እንኳ ያዋጣል።

ወንዙ ማዶ

አሁን እኔ በጣም ወደምወደው ቦታ ልምጣ። ከባራ ሱል ወንዙን ተሻግራችሁ ባራ የሚባል ሰፈር አለ። የድሮ የዓሣ አጥማጆች መንደር ነው፣ የሳንቶ አማሮ ትንሽ ቤተ ክርስቲያን አለው፣ ቤቶቹ ዝቅ ዝቅ ያሉ ናቸው። የእግረኛ ድልድይ ሁለቱን ዳር ያገናኛል። ከባራ በኩል ቆማችሁ ወደ ሰሜን ስታዩ ከፊታችሁ ቀለም የተቀቡ የዓሣ ጀልባዎች ውኃው ላይ ይወዛወዛሉ፣ ከነሱ ኋላ የያትሀውስ መንትያዎች ወደ ሰማይ ይወጣሉ። ከተማዋ ምን እንደነበረችና ምን እንደሆነች በአንድ ፎቶ ውስጥ ነው ያለው፣ ምንም ማብራሪያ ሳይጨመር።

በተግባርም ይሄ ቦታ ከሌሎቹ ብዙ ጥቅም አለው። ወንዙ ከባሕሩ ይልቅ የተረጋጋ ነው፣ ስለዚህ ንፋስ በሌለበት ማለዳ የፎቆቹ ምስል ውኃው ላይ ይወርዳል። ወደ ፎቆቹ በጣም ቅርብ ናችሁ፣ ግን በመሃል ወንዙ ስላለ ከፊታችሁ የሚከልላችሁ የለም። ብርሃኑ ለጠዋት ከጎን ይመጣል። ከፀሐይ ጥልቀት በኋላ ደግሞ፣ ሰማዩ ጥቁር ሰማያዊ ሲሆንና የቤቶቹ መስኮቶች አንድ በአንድ ሲበሩ፣ ይሄን የሚያክል ቦታ የለም። ትሪፖዱን ድልድዩ ላይ አትትከሉ፣ ሰው በተራመደ ቁጥር ይንቀጠቀጣል፤ ዳር ላይ፣ መሬት ላይ ትከሉት። የምትቀርፁት ሰዎች የሚኖሩበትን ሰፈር ነው። ጀልባው አጠገብ ሰው ካለ ሰላም በሉ፣ ጠይቁ፣ ከዚያ አንሱ።

አሸዋው፣ ጀልባው፣ ድሮኑ

አሸዋው ላይ ሆኖ ማንሳት ቀላሉ ነው፣ ስለ እሱ ብዙ አልልም። ጠዋት፣ ውኃው አሸዋውን አርሶ በተመለሰበት ቅጽበት፣ እርጥቡ አሸዋ ፎቆቹን ያንጸባርቃል፤ ካሜራውን ወደ መሬት አውርዱት። ወደ ምሽት ደግሞ ፀሐይ ከፎቆቹ ኋላ ስትጠልቅ የጫፎቻቸው ቅርጽ ብቻ ጠቁሮ ይወጣል። ቀለም አታገኙም፣ የቅርጽ ፎቶ ታገኛላችሁ።

ከባራ ሱል የባሕር ወንበዴ መርከብ አስመስለው የተሠሩ የቱሪስት ጀልባዎች ይነሳሉ። ከባሕር ላይ ፎቆቹን ፊት ለፊት የምታዩበት ርካሹ መንገድ ነው። የምትመርጡት ግን የጠዋቱን ጉዞ ይሁን፤ ከሰዓት በኋላ ከሆነ ከባሕሩ የምታዩት ጥላውን ጎን ነው። ጀልባው ስለሚወዛወዝ የመዝጊያ ፍጥነቱ ቢያንስ 1/500 ሰከንድ ይሁን።

ድሮን ይዞ መሄድ ለሚያስብ፣ በብራዚል ከ250 ግራም በላይ የሆነ ድሮን በሲቪል አቪዬሽኑ መሥሪያ ቤት አናክ መመዝገብ አለበት፣ በረራው ሳርፓስ በሚባለው ሥርዓት ይጠየቃል፣ የመሣሪያው ሬዲዮም የቴሌኮም መሥሪያ ቤቱን የአናቴልን ፈቃድ ይፈልጋል። ፈቃዳቸውን ካልሰጡ ሰዎች 30 ሜትር መራቅም ግዴታ ነው። በተጨናነቀ የባሕር ዳርቻ ይሄን ጠብቆ ማብረር በጣም ከባድ ነው። ካሬካ ላይ ፓራግላይደሮች አሉ፣ እዚያ ድሮን ማስነሳት ሰው ላይ አደጋ መጥራት ነው። ከተማዋ ራሷ በኮረብታ ስለተከበበች ከፍ ያለ እይታ ያለ ድሮንም ይገኛል። ለአጭር ጉብኝት ከሆነ ድሮኑን ቤት ትታችሁ ረጅም ሌንስ ብትይዙ ይሻላል ባይ ነኝ።

ሰፊ ሌንስ ወይስ ዙም፣ ስልክ ወይስ ካሜራ

ረጃጅም ፎቅ ሲያይ የሁሉም ሰው እጅ ወደ ሰፊው ሌንስ ነው የሚሄደው። ሰፊ ሌንስ ወደ ላይ ሲያንጋጥጥ ግን ፎቆቹን ወደ መሃል ያዘነብላቸዋል፣ ዳር ያሉት የሚወድቁ ይመስላሉ። አንድ ፎቅ ሥር ቆሞ ሆን ብሎ ካልሆነ በቀር አልመክረውም። ከካሬካ ወይም ከክሪስቶ ሉስ ከ70 እስከ 200 ሚሊ ሜትር ያለው ዙም ነው ሥራውን የሚሠራው። ዙም ርቀቱን ያጥፈዋል፣ ፎቆቹን እርስ በርስ ያስጠጋቸዋል፣ በረንዳ በበረንዳ ላይ ይደራረባል፣ ያን ጊዜ ነው የከተማዋ ጥግግት በደንብ የሚታየው። ለወንዙ ዳር ከ24 እስከ 50 ያለው ይበቃል።

በስልክ ብቻ የምታነሱ ከሆነ አትዘኑ። ሰፊውን የ0.5 እርሱት፣ 2 ወይም 3 እጥፍ ባለው ሌንስ አንሱ። የፍርግርግ መስመሩን አብሩና አድማሱን ቀጥ አድርጉ። በጣም የሚያበራውን ክፍል፣ ለምሳሌ ነጭ ግድግዳውን፣ በጣታችሁ ተጫኑና ብርሃኑን ትንሽ ቀንሱት፤ ጨለማው ክፍል በኋላ ይስተካከላል፣ የነጣው ግን አይመለስም። ለሰፊ እይታ ስልኩ ራሱ የሚሠራው ፓኖራማ ቅስቱን የባሰ ያጣምመዋል። ስልኩን ቁም አድርጋችሁ እያንዳንዱ ፎቶ ከቀደመው ሲሶ ያህል እንዲደራረብ እያደረጋችሁ አምስት ስድስት ፎቶ አንሱና በኋላ በመተግበሪያ አገናኙት። ካሜራ ስልክን በግልጽ የሚበልጠው ከፀሐይ ጥልቀት በኋላ ባለው ሰዓት ነው። ያኔ ትሪፖድ፣ አይኤስኦ (የብርሃን ስሜታዊነት) 100፣ ኤፍ (የሌንሱ ቀዳዳ መጠን) 8፣ የሁለት ሰከንድ ቆጣሪ። ምርጡ ጊዜ ፀሐይ ከጠለቀች 15 ደቂቃ እስከ ግማሽ ሰዓት ያለው ነው፣ ከዚያ ሰማዩ ጥቁር ይሆንና ፎቆቹ ከሱ ጋር ይዋሃዳሉ።

ስለ ቀለሙ

የከተማዋ ቀለም በአንድ እይታ አይገኝም። አዲሶቹ ግዙፎች ነጭ፣ ክሬም፣ ሰማያዊና አረንጓዴ መስታወት ናቸው። ቀለሙ ያለው ከነሱ ኋላና መሃል በቀሩት ዝቅ ያሉ የቆዩ ፎቆች ላይ ነው። ብራዚል ውስጥ የመኖሪያ ፎቅን ፊት በትናንሽ የሴራሚክ ንጣፍ መልበጥ የተለመደ ነው፤ የባሕር ጨው ቀለምን ቶሎ ይበላዋል፣ ሴራሚኩን ግን አይነካውም። ስለዚህ አንድ ሕንፃ ከአርባ ዓመት በኋላም ቀለሙን እንደያዘ ይቆማል። በባሕሩ ዳር የሚሄደውን አቬኒዳ አትላንቲካን ትታችሁ ወደ ኋለኛው መንገድ፣ ወደ አቬኒዳ ብራዚል ግቡ፣ ቀና ብላችሁ ሂዱ።

ለዚህ ዓይነቱ ፎቶ ፀሐይ ወይስ ደመና? እዚህ ላይ ከብዙ ሰው ጋር አልስማማም። ሴራሚክ ያንጸባርቃል፣ ኃይለኛ ፀሐይ ላይ ቀለሙን ነጭ ብልጭታ ይሸፍነዋል። ቀጭን ደመና ባለበት ቀን ቀለሙ ሙሉ ይወጣል። ዋጋው ሰማዩ ነጭ መሆኑ ነው፣ ስለዚህ ሰማዩን ከፎቶው አስወጡት፤ በዙም ግድግዳውን ብቻ፣ በረንዳውን፣ የተሰጣውን ፎጣ፣ አየር ማቀዝቀዣውን አጥብባችሁ አንሱ። ለሙሉው ሰልፍ ግን ፀሐይ ያስፈልጋል፣ በጥላና በብርሃን ካልተለያዩ ፎቆቹ አንድ ግድግዳ ይሆናሉ። ፖላራይዘር ማጣሪያ ካላችሁ የመስታወትና የሴራሚክ ብልጭታን ይቀንሳል፣ በተለይ ሕንፃውን ፊት ለፊት ሳይሆን በሰያፍ ስታዩት። በሰፊ ሌንስ ግን ሰማዩን ግማሹን ጥቁር ግማሹን ፈዛዛ ስለሚያደርገው አውልቁት። ኋይት ባላንሱን (ካሜራው የብርሃኑን ቀለም የሚያስተካክልበትን) አውቶማቲክ ላይ አትተዉት፣ የጠዋቱን ወርቃማነት ያጠፋዋል፤ በፀሐይ ምልክት ላይ ቆልፉት።

በየትኛው ወቅት?

ሞቃቱ ወቅት፣ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት፣ ከተማዋ በእረፍት ሰው ትጥለቀለቃለች፣ ሆቴል ይወደዳል፣ ከሰዓት በኋላ ዝናብና ነጎድጓድ ይበዛል። ግን ነጎድጓዱ ካለፈ በኋላ ያለው ሰማይ ድራማ አለው። የዲሴምበር 31 ርችት ለሚፈልግ ደግሞ ምርጫ የለውም፣ ያኔ ነው መሄድ ያለበት፣ ቦታውንም ገና በቀን ይያዝ። ብርዱ ወቅት ጸጥ ያለ ነው። ከደቡብ የቀዝቃዛ አየር ግንባር ይመጣል፣ አንድ ሁለት ቀን ያዘንባል፣ ከዚያ የደቡብ ንፋስ ይነፍስና አየሩን ያጥበዋል። ያ ከዝናቡ በኋላ ያለው የመጀመሪያ ጥርት ያለ ጠዋት ካሬካ ላይ ብትገኙ ከሩቅ ያሉት ፎቆች መስኮታቸው ሳይቀር ይቆጠራል። እኔ የማስቀድመው ግን ሚያዝያና ግንቦትን ነው። ሰው ቀንሷል፣ ሰማዩ የተረጋጋ ነው፣ ፀሐይዋም ወደ ሰሜን ማዘንበል ጀምራለች።

አንድ ቀን ብቻ ያለው ሰው በዚህ ወቅት ንጋት ላይ ካሬካ ይውጣ፣ ረፋዱን አቬኒዳ ብራዚል ላይ ቀለም ይፈልግ፣ ከፀሐይ ጥልቀት አንድ ሰዓት ተኩል በፊት ክሪስቶ ሉስ ይድረስ፣ ወይም ወንዙ ማዶ ባራ ላይ ይጠብቅ። ሁለቱን ምሽት ላይ አንድ ቀን ማድረስ አይቻልም። እኔ ብሆን ባራን እመርጣለሁ። ሁለት ቀን ያለው ሁለቱንም ያገኛል፣ ኬብል ካሩንም ይጨምር።

የሰልፉ መልክም በየዓመቱ ይለወጣል። በመኪና ውድድር ሻምፒዮኑ በአይርተን ሴና ስም ከ500 ሜትር በላይ እንዲሆን የታቀደ ፎቅ አለ፣ ክሬን የሌለበት ፎቶ ማግኘት ይከብዳል። ክሬኑን ከፎቶው ለማጥፋት አትልፉ፣ ከተማዋ አሁን ያለችው እንደዚያ ነው።

ዕቃችሁን በተመለከተ፣ የባሕሩ ንፋስ ጨው ይዞ ይመጣል። ማታ ሌንሱን መጀመሪያ በአየር አራግፉ፣ ከዚያ በትንሹ በረጠበ ጨርቅ ጥረጉ፤ በደረቅ ጨርቅ ከጀመራችሁ ጨዉ ይጭረዋል። ቀዝቃዛ ክፍል ያደረ ካሜራ ወደ እርጥቡ የጠዋት አየር ሲወጣ ሌንሱ በእንፋሎት ይሸፈናል፣ እስኪጠራ ብዙ ደቂቃ ይፈጃል። ስለዚህ ለንጋት የምትወጡ ከሆነ የሆቴሉን አየር ማቀዝቀዣ ከመተኛታችሁ በፊት አጥፉት፣ ወይም ካሜራውን በቦርሳ ዘግታችሁ መኪና ውስጥ አቆዩትና እስኪሞቅ ቦርሳውን አትክፈቱት።